መጋጠሚያው ስቴንለስ አይደለም

ስቴንለስ አይዝግም። ብርም አይዝግም። ስለዚህ ስቴንለስን ከስቴንለስ በብር ዘንግ ያጋጠመ ሰው የማይዝግ መጋጠሚያ ሠርቷል። ይህ አባባል በየወርክሾፑ፣ በየፍሪጅ ጥገና ቤቱ፣ የምግብና የወተት ዕቃ በሚሠራበት ሁሉ እንደተረጋገጠ እውነት ይነገራል። ገዢው ያምነዋል፣ ሠሪው ይምልበታል፣ ዕቃውን የሚረከበው መሐንዲስም ብዙ ጊዜ ሳይጠይቅ ይፈርምበታል። እኔ ግን አባባሉ ከመሠረቱ ስህተት ነው እላለሁ። ዝገትን የመቋቋም ችሎታ ከወላጅ ወደ ልጅ እንደሚተላለፍ ርስት ከሁለቱ ብረቶች ወደ መጋጠሚያው አይወርድም። መጋጠሚያው የራሱ ጠባይ አለው። ዕድሜውም የሚወሰነው ሁለቱ ብረቶች በሚነካኩበት፣ በዓይን በማይታየው ድንበር ላይ ነው።

የተቃራኒውን ወገን ክርክር አሳንሼ አላቀርብም፤ ጠንካራ ጎን አለውና። ብሬዚንግ መሠረቱን ብረት ሳያቀልጡ፣ ከ450 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ በሚቀልጥ ሌላ ብረት ሁለት ክፍሎችን ማጋጠም ነው። ቀጭን ቱቦ አይበሳም፣ ቅርጹም እንደ ብየዳ አይጣመምም። በአርክ ብየዳ አብረው አንሠራም የሚሉት መዳብና ስቴንለስ በአንድ ነበልባል ይጋጠማሉ። በክፍሎቹ መካከል ያለው ክፍተት ከ0.05 እስከ 0.1 ሚሊ ሜትር ገደማ ከሆነ የቀለጠው ዘንግ ራሱ ተስቦ ይገባል። በሚገባ ተደራርቦ የተሠራ መጋጠሚያ ሲጎተት ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚበጠሰው ቱቦው ነው። በናይትሮጅን ግፊት ሲፈተሽ አያፈስም። የአርጎን ማሽን መግዛት አያስፈልግም። ዓመታት አልፈውት ዛሬም ድረስ የሚሠራ መጋጠሚያ በየቦታው አለ። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ አንዱንም አልክድም። የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ከእነዚህ ሁሉ ምስክሮች መካከል ስለ ዝገት የመሰከረው የትኛው ነው?

አንዱም። የመጎተት ፈተና የሚናገረው ዛሬ ስላለው ጥንካሬ ነው። የግፊት ፈተና የሚናገረው ዛሬ ስለሌለው ቀዳዳ ነው። ዝገት ግን ውሃ፣ ጨው፣ አሲድና ጊዜ ተባብረው የሚሠሩት የነገ ሥራ ነው። በደረቅ ናይትሮጅን የተፈተሸ መጋጠሚያ ወራት በውሃ ውስጥ ሲከርም ምን እንደሚሆን ናይትሮጅኑ ሊነግረን አይችልም። አንዱ ፈተና ያለፈውን ዕቃ ሌላውንም ፈተና አልፏል ብሎ መፈረም ያልተጠየቀውን ጥያቄ እንደተመለሰ መቁጠር ነው።

አሁን ወደ ዋናው ክርክር እንግባ፦ «ሁለቱም ስለማይዝጉ መጋጠሚያቸውም አይዝግም»። ስቴንለስ ለምንድን ነው የማይዝገው? በውስጡ ቢያንስ 10.5 በመቶ ክሮሚየም ስላለ፣ ያም ክሮሚየም ከኦክስጅን ጋር ተዋህዶ ጥቂት ናኖ ሜትር ብቻ ውፍረት ያለው ሽፋን ስለሚሠራ ነው። ሽፋኑ ሲጫር፣ ኦክስጅን እስካገኘ ድረስ ወዲያው ራሱን ይጠግናል። የስቴንለስ ኃይል ከዚህ ሽፋን ሌላ ምንጭ የለውም። ታዲያ ብሬዚንግ ይህን ሽፋን ምን ያደርገዋል? ሆን ብሎ ያጠፋዋል! ከማሞቅ በፊት በሚቀባው ማጽጃ፣ በፍላክሱ ውስጥ፣ ፍሎራይድ የገባው ለዚሁ ነው። የክሮሚየሙ ሽፋን ካልተነሣ የቀለጠው ዘንግ በስቴንለሱ ላይ አይሰራጭም፤ ተድቦልቡሎ ይቀራል። ስለዚህ መጋጠሚያ መሥራት የሚቻለው ስቴንለስን ስቴንለስ ያደረገውን ነገር ከቦታው በማንሣት ብቻ ነው። «ስቴንለስ አይዝግም» የሚለው ክርክር የሚሸነፈው ገና ፍላክሱ ሲቀባ ነው።

ከዚያ በኋላ በድንበሩ ላይ የሚቀረው ስስ ንጣፍ የቀድሞው ስቴንለስ አይደለም። ሙቀቱና ፍላክሱ ጎድተውታል። ኦክስጅን ደርሶ ሽፋኑን እንዳያድስለት ደግሞ ከላዩ ብር ተደፍቶበታል። ውሃ በመጋጠሚያው ጠርዝ በኩል ሲደርስበት፣ በአንድ ወገን ብርና መዳብ፣ በሌላ ወገን መከላከያውን ያጣ ቀጭን የብረት መስመር ይገናኛሉ። ሁለት ዓይነት ብረቶች ተነካክተው ውሃ ውስጥ ሲገቡ ክቡሩ፣ ማለትም በቀላሉ የማይበላው ብረት ይጠበቃል፣ ሌላው ይበላል። የሚበላው ገጽ ጠባብ፣ የሚያስበላው ገጽ ሰፊ ሲሆን ደግሞ ጥቃቱ ይፈጥናል። የብር ክቡርነት እንደ መከላከያ የተቆጠረው በከንቱ ነው፤ እዚህ ቦታ ላይ ክቡርነቱ የጎረቤቱ መጥፊያ ነው።

ይህ የድንበር ዝገት የባሕር ውሃ ወይም የፋብሪካ አሲድ አይፈልግም፤ የቧንቧ ውሃ ይበቃዋል። በተለይ ኒኬል የሌለው ስቴንለስ፣ ለምሳሌ 17 በመቶ ገደማ ክሮሚየም ያለው 430፣ ብር፣ መዳብና ዚንክ ብቻ ባለው ተራ ዘንግ ከተጋጠመ በእርጥበት ውስጥ በወራት ሊላቀቅ ይችላል። 18 በመቶ ክሮሚየምና 8 በመቶ ኒኬል ያለው 304 የተሻለ ይታገሳል፤ ሆኖም እሱም ከአደጋው ነጻ አይደለም። የጉዳዩ ክፋት አለመታየቱ ነው። ብሩ አይጎድልም፣ ስቴንለሱ አይቦረቦርም፣ ላዩ እንዳበራ ይቆያል። ግድግዳው ተለስኖ፣ ጣሪያው ቆሞ፣ ማገሩን ግን ምስጥ የጨረሰው ቤት እንደዚሁ ነው። አንድ ቀን በትንሽ ንዝረት ቱቦው ከእጅጌው ይወጣል፤ ብሩ ከስቴንለሱ ላይ ተላጦ ይገኛል። «በያጁ በቂ ሙቀት አልሰጠውም ነበር» ይባላል። ሙቀቱ ግን በቅቶት ነበር፤ ያልበቃው የዘንጉ ምርጫ ነው።

«እንግዲያው ብሩን ማብዛት ነው» የሚል መልስ ይመጣል። ብር የበዛበት ዘንግ ይሻላል የሚለው እምነት በገበያው ሥር የሰደደ ስለሆነ በቁጥር ልመልስ። በጣም ከሚወደዱት ዘንጎች አንዱ 56 በመቶ ብር፣ 22 በመቶ መዳብ፣ 17 በመቶ ዚንክና 5 በመቶ ቆርቆሮ አለው። በቀላሉ ይፈስሳል፣ ቀለሙም ከስቴንለስ ጋር ይመሳሰላል፤ የተወደደውም ለዚህ ነው። ሌላው 50 በመቶ ብር፣ 20 በመቶ መዳብ፣ 28 በመቶ ዚንክ፣ 2 በመቶ ኒኬል አለው። ብሩ በ6 የመቶኛ ነጥብ ያንሳል፣ ሲፈስስም እንደ መጀመሪያው አይቀናም። የድንበር ዝገትን በተሻለ የሚቋቋመው ግን ይህ ሁለተኛው ነው። ልዩነቱን ያመጣችው ያቺ 2 በመቶ ኒኬል ናት፤ ከስቴንለሱ ጋር ተዋህዳ ድንበሩን ታጠናክረዋለች። ኒኬል ለሌለው ስቴንለስ ደግሞ የሚመከረው ዚንክ ጨርሶ የሌለበት፣ 63 በመቶ ብር፣ 28.5 በመቶ መዳብ፣ 6 በመቶ ቆርቆሮና 2.5 በመቶ ኒኬል ያለው ዘንግ ነው። እዚህም ቢሆን የድንበሩ ጠባቂዎች የኒኬሉ መኖርና የዚንኩ አለመኖር ናቸው።

የቆዩ ባለሙያዎች እዚህ ላይ የሚያነሡት ጥሩ ማስረጃ አለ። ቀድሞ ለባሕር ሥራ ይመረጥ የነበረው 50 በመቶ ብር ያለው ዘንግ ዝገትን በሚገባ ይቋቋም ነበር። እውነት ነው። ነገር ግን በውስጡ 3 በመቶ ኒኬል ነበረ። ማስረጃው የቆመው ለእኔ ነው። አብሮት 16 በመቶ ካድሚየም መኖሩም አይዘንጋ። ካድሚየም በ767 ዲግሪ ይፈላል፣ ጢሱ በያጁን ይገድላል። የአውሮፓ ኅብረት ካድሚየም ያለባቸውን የብሬዚንግ ዘንጎች ከታኅሣሥ 2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከጥቂት ልዩ ሥራዎች በቀር የከለከለው በምክንያት ነው። ወተት ወይም የመጠጥ ውሃ በሚነካ ዕቃ ላይ ቦታ ሊኖረው አይገባም።

በዚሁ አጋጣሚ ሌላ ልማድ መወገዝ አለበት። የፍሪጅ ጠጋኞች በመዳብ ቱቦ ላይ የሚጠቀሙበት ፎስፈረስ ያለው የመዳብ ዘንግ በመዳብ ላይ ያለ ፍላክስ ይሠራል፣ ዋጋውም ይረክሳል። ስቴንለስ ላይ ሲደፋ ግን ፎስፈረሱ ከብረቱ ጋር ተዋህዶ ተሰባሪ ንጣፍ ይፈጥራል። ዝገት እስኪደርስበት እንኳ አይቆይም፤ ንዝረት ይሰነጥቀዋል። በመዳብ ላይ የተመሰገነ ዘንግ በስቴንለስ ላይ ማረጋገጫ የለውም።

ሦስተኛው ክርክር ስለ ሙቀት ነው። «የብር ዘንግ በዝቅተኛ ሙቀት ስለሚሠራ ስቴንለሱን አይጎዳውም» ይባላል። ከብየዳ ጋር ሲነጻጸር ሙቀቱ ማነሱ እውነት ነው። ግን ዝቅተኛ ማለት ከጉዳት የራቀ ማለት ነው ያለው ማነው? ስቴንለስ ከ425 እስከ 870 ዲግሪ ባለው ክልል ሲቆይ በውስጡ ያለው ካርቦን ክሮሚየሙን ይዞ በብረቱ ቅንጣቶች ድንበር ላይ ይሰበሰባል፤ በአካባቢው ያለው ብረት ክሮሚየም ያጣል፣ ለዝገት ይጋለጣል። አብዛኛው የብር ዘንግ የሚሠራው ደግሞ ከ620 እስከ 760 ዲግሪ፣ ማለትም በዚሁ ክልል እምብርት ነው። ይህ አደጋ ከድንበሩ ዝገት ያነሰ መሆኑን አልደብቅም፤ በያጁ ፈጥኖ ካሞቀና ፈጥኖ ከጨረሰ ጉዳቱ ትንሽ ነው። ትንሽ ነበልባል ይዞ ወፍራም ዕቃን ለብዙ ደቂቃ የሚያንከራትት በያጅ ግን ከመጋጠሚያው አልፎ ቱቦውንም ያበላሻል። መፍትሔው የታወቀ ነው፦ ካርቦኑ ከ0.03 በመቶ የማይበልጠውን 304ኤል፣ ወይም ታይታኒየም የተጨመረበትን 321 መምረጥ።

አራተኛው ክርክር ከሁሉ ይልቅ ያሳስበኛል፤ ጥንቃቄ መስሎ የሚመጣ ጥፋት ነውና። «ሥራው ሲያልቅ እንደ ብየዳ በአሲድ ማጽዳት፣ ያኔ ስቴንለሱ ኃይሉን ይመልሳል» ይላሉ። ለብየዳ ይህ ትክክል ነው። ናይትሪክና ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ያለበት ማጽጃ በብየዳው ዙሪያ የተቃጠለውን ንጣፍ አንሥቶ ሽፋኑ በአዲስ እንዲሠራ ያደርጋል። ነገር ግን ናይትሪክ አሲድ ብርንና መዳብን ያሟሟል! ብየዳን የሚፈውሰው መድኃኒት ብሬዚንግን ይገድላል። ለብሬዚንግ ፍላክስ የሚገባው በሙቅ ውሃና በብሩሽ ተፍቆ ምንም ሳይቀር መነሣት ነው። የቀረ ፍላክስ እርጥበት ይስባል፣ ፍሎራይዱም ጥቃቱን ያለማቋረጥ ይቀጥላል።

ይህ ነገር ከወርክሾፑ ውጭ ይበልጥ ይከፋል። የወተት ፋብሪካ ቧንቧዎቹን ሳይፈታ የሚያጥበው በየተራ በሚዘዋወር ሙቅ ኮስቲክ ሶዳና ናይትሪክ አሲድ ነው። አሲዱ 1 በመቶ ገደማ ቢሆንም እጥበቱ በየቀኑ ነው። በዚህ መስመር ላይ በብር የተጋጠመ ቧንቧ መትከል መጋጠሚያውን በየቀኑ እያሟሙ ወደ ወተቱ መንገድ መልቀቅ አይደለምን? በትንንሽ ወጥ ቤቶችም ስቴንለስ ዕቃ በበረኪና ይዘፈዘፋል። በረኪና ውስጥ ያለው ክሎሪን ለደህና ስቴንለስ እንኳ ጠላት ነው፤ ጠባብ ስንጥቅና የተጎዳ ድንበር ሲያገኝማ ማን ይመልሰዋል? በአሲድና በክሎሪን ለሚታጠብ የምግብ መስመር መልሱ ከውስጥም ከውጭም በአርጎን የተጠበቀ ብየዳ ነው። ማሽኑ ውድ ነው ማለት ምክንያት እንጂ መልስ አይደለም።

«ታዲያ ለዓመታት የቆዩት መጋጠሚያዎችስ?» ይህ ጥያቄ የአምስተኛው ክርክር እምብርት ነው፤ ፍትሐዊ ጥያቄም ነው። መልሱ አብዛኞቹ ደረቅ ስለሆኑ ነው የሚል ነው። ደረቅ ጋዝ የሚያልፍበት፣ ከውጭም ውሃ የማይነካው መጋጠሚያ በማንኛውም የብር ዘንግ ተሠርቶ ዕድሜ ሊያገኝ ይችላል፤ የድንበር ዝገት ያለ እርጥበት አይነሣምና። ነገር ግን የደረቁን ዕድሜ ለእርጥቡ ምስክር ማድረግ አይቻልም። በፍሪጅ ሥራ እንኳ ስህተቱ ይታያል። ውስጡ ያለው ጋዝ ደረቅ ነው፤ የቀዝቃዛው ክፍል ቱቦ ላዩ ግን ፍሪጁ በሠራ ቁጥር ያልበዋል። ጋዙን አይቶ «ደረቅ ነው» ያለ ሰው ጠብታውን አላየም። የወደቁትን ደግሞ ማን ቆጠራቸው? የተላቀቀ መጋጠሚያ ተቆርጦ ይጣላል፣ በአዲስ ይተካል፣ ለምን እንደወደቀ አይመረመርም። በዓይናችን ፊት የሚቀሩት የተረፉት ብቻ ናቸው፤ ከተረፉት ብቻ የተወሰደ ፍርድ ደግሞ ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን ያደላል።

ስድስተኛው ክርክር ከትልልቁ ፋብሪካ ይመጣል፦ «ችግሩ የነበልባልና የብር ነው፤ በቫኪዩም ምድጃ፣ በመዳብ ወይም በኒኬል የተሠራ ግን አይነካም»። እዚህም ግማሽ እውነት አለ። ምድጃው ፍላክስ አይፈልግም፣ ስቴንለሱን ንጹሕ አድርጎ ያወጣዋል። ነገር ግን ከ316 ስቴንለስ ቅጠሎች ተደራርቦ በመዳብ የተጋጠመ የሙቀት መለዋወጫ የአሞኒያ ማቀዝቀዣ ላይ ሲገባ ምን ይሆናል? ስቴንለሱ ምንም አይሆንም፤ መዳቡን ግን አሞኒያው ይበላዋል፣ ቅጠሎቹም ይለያያሉ። በዕቃው ላይ የተለጠፈው «316» የሚለው ቁጥር እውነት ነበር። ቁጥሩ ስለ መጋጠሚያው የተናገረው ነገር ግን አልነበረም።

ኒኬልም ቢሆን አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። በስፋት ከሚሠራባቸው የኒኬል መሙያዎች አንዱ 7 በመቶ ክሮሚየም፣ 3 በመቶ ገደማ ቦሮንና 4.5 በመቶ ሲሊከን አለው። ቦሮኑ የመቅለጫውን ሙቀት ዝቅ ለማድረግ ያገለግላል። በምድጃው ውስጥ ግን ወደ ስቴንለሱ ሰርጎ ክሮሚየሙን ይይዛል፣ በድንበሩ ዙሪያ ያለውን ብረት ያራቁታል። ክፍተቱ ከሚገባው በላይ ሲሰፋ ደግሞ በመጋጠሚያው መሃል ተሰባሪ መስመር ይቀራል። ጨውና አሲድ ለሚበዛበት ሥራ ቦሮን የሌለው፣ 19 በመቶ ክሮሚየምና 10 በመቶ ሲሊከን ያለው ኒኬል አለ። የሚጠይቀው ሙቀት ከፍ ያለ ነው፣ ሥራውም ይከብዳል፤ ግን ክሮሚየሙን ይዞ የሚመጣ እሱ ነው። ከብር ወደ ኒኬል መዛወር ጥያቄውን አይዘጋውም፤ «የትኛው ኒኬል፣ ለየትኛው ፈሳሽ?» ብለን እንድንጠይቅ ያስገድደናል።

የመጨረሻው ክርክር ዋጋ ነው። ኒኬል ያለበት ዘንግ ይወደዳል፣ በገበያም እንደልብ አይገኝም። ይሁን። ግን በአንድ መጋጠሚያ ላይ የሚፈስሰው ዘንግ ስንት ግራም ነው? የዋጋው ልዩነት ከጠቅላላው ዕቃ ዋጋ ጋር ሲተያይ ስንት ነው? መጋጠሚያው ሲላቀቅ የሚፈስሰው ወተት፣ የሚባክነው ጋዝ፣ የሚቆመው ማሽን፣ ዳግመኛ የሚከፈለው የጥገና ክፍያስ በማን ሒሳብ ይመዘገባል? የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለው ለዚህ ዓይነቱ ቁጠባ ነው። ከሁሉ የሚያሳዝነው ቆጣቢውና ከፋዩ ሁለት የተለያዩ ሰዎች መሆናቸው ነው፤ ሠሪው ይቆጥባል፣ ገዢው ይከፍላል።

ከዚህ ሁሉ ተነሥቶ «ስቴንለስ በብሬዚንግ አይጋጠምም» የሚል ካለ እሱንም እቃወማለሁ። የአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩር ዋና ሞተር አፈሙዝ ኤ-286 ከተባለ የስቴንለስ ዓይነት በተሠሩ 1,080 ቱቦዎች የተገነባ ነበር፤ ቱቦዎቹ እርስ በርስ የተያያዙት በብሬዚንግ ነው። በውስጣቸው እጅግ የቀዘቀዘ ሃይድሮጅን እያለፈ፣ በሌላው ገጻቸው ነበልባል እየገረፋቸው ሰዎችን ወደ ጠፈር አድርሰዋል። ጥበቡ እንከን የለበትም። እንከኑ ያለው ዘንግን እንደ ሙጫ በሚቆጥር፣ የሚያጋጥም ሁሉ አንድ ነው በሚል አስተሳሰብ ውስጥ ነው። የሞተሩን አፈሙዝ የሠሩት ሰዎች ቱቦውን፣ መሙያውን፣ ሙቀቱንና የሚያልፍበትን ፈሳሽ እንደ አንድ ጉዳይ አስበውታል። እኛስ የወተት ቧንቧና የውሃ ማሞቂያ ስንሠራ ይህን ያህል ማሰብ ለምን ይከብደናል?

ስለዚህ አቋሜ ይህ ነው። የመጋጠሚያ ዝገትን የመቋቋም ችሎታ በቱቦው ላይ በተጻፈው ቁጥር፣ በብሩ መቶኛ፣ በላዩ ማብራት ወይም በግፊት ፈተና አይለካም። የሚለካው የስቴንለሱ ዓይነት፣ የዘንጉ ቅንብር፣ የሙቀቱ አያያዝ፣ የፍላክሱ መጽዳትና መጋጠሚያው ዕድሜ ልኩን የሚነካው ፈሳሽ አንድ ላይ ተመዝነው ነው። በያጅ ከሆንክ ነበልባሉን ከማቀጣጠልህ በፊት ማግኔት አስጠጋ። አጥብቆ ከያዘ ኒኬል የሌለው ስቴንለስ ሊሆን ስለሚችል ዚንክ ያለበትን ተራ ዘንግ ወደ ጎን አስቀምጥ። እርጥበት የሚነካ ከሆነ ኒኬል የሌለበት ዘንግ አይግባ። አሲድ ወይም አሞኒያ የሚነካ ከሆነ ብርና መዳብ ከነጭራሹ አይግቡ። ገዢ ከሆንክ ቱቦው 304 መሆኑን ብቻ አትጠይቅ፤ የዘንጉን ቅንብር በጽሑፍ ጠይቅ። የሚረከብ መሐንዲስ ከሆንክ ያን ጽሑፍ ሳታይ አትፈርም። ዘንጉ የማይታወቅ መጋጠሚያ ምንም ያህል ቢያበራ ዝገትን ይቋቋማል ሊባል አይችልም።